የልጄ ተረከዝ

ፕላስተር መጀመሪያ በእጄ የያዝኩት ሪያድ ከመጣሁ በኋላ ነው። ያኔ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆረጥኩትና የአሠሪዬ እናት፣ አንዲት ደግ አሮጊት፣ ከመሳቢያ አውጥተው አንድ ሰጡኝ። እንዴት እንደሚለጠፍ አላውቅም ነበር። ከኋላው ያሉትን ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ ጊዜ ስገሽልጣቸው ፕላስተሩ እርስ በርሱ ተጣበቀ። አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁና ሌላ አወጡ። መጀመሪያ ደሙን አጠቡልኝ፤ በንጹሕ ጨርቅ አደረቁልኝ። ከዚያ አንዱን ወረቀት ብቻ ሳብ አድርገው መሀሉን ቁስሉ ላይ አሳረፉትና ሁለተኛውን ከሥሩ እያንሸራተቱ አወጡት። ጣታቸው መሀሉን አንድም ጊዜ አልነካውም። «አየሽ? ቁስሉን የሚነካውን አንቺ አትንኪው» አሉኝ።

እኔ ባደግኩበት በወሎ ገጠር ቁስል የሚታሰረው ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር አብሮ ይደርቃል። ለመፍታት በሞቀ ውሃ ይረጥባል፤ ያም ሆኖ መዳን የጀመረውን ሥጋ ይዞ ይነሣል። ስለዚህ በማግስቱ ፕላስተሩ ምንም ሳያሳምመኝ ሲነሣ ጉድ አልኩ። ዳሩ ይጣበቃል፣ መሀሉ አይጣበቅም። ይህን ያሰበ ሰው ቁስል የሚያውቅ ሰው ነው፤ ልጅም ያሳደገ ይመስለኛል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ግን አደንቀዋለሁ።

አሁን የራሴ ቤት አለኝ። መንሱራ በሚባል የሪያድ ሰፈር ከባሌና ከአንዲት ልጃችን ጋር እኖራለሁ። ባሌ ሱለይ በሚባል ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ልጃችን አሥር ዓመቷ ነው። ፍራቻ ያለብኝ ሴት ነኝ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ልጄ ስታስል እኔ አልተኛም፤ ስትሮጥ እኔ ልቤ ይመታል። በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ፕላስተር፣ ጥጥ፣ ፋሻ፣ ትንሽ መቀስ፣ የቁስል ማጠቢያ ፈሳሽ አስቀምጣለሁ። ባሌ ቆርቆሮውን «ሙስተሽፋ» ይለዋል፤ ሆስፒታል ማለቱ ነው። «ሙስተሽፋው ዛሬ ክፍት ነው ወይ?» እያለ ይቀልድብኛል።

እሱ ራሱ ግን ወደዚያ ሆስፒታል አይመጣም። እጁ በብረት ሲቀደድ አንድ ቁራጭ ሶፍት ጣል ያደርግበትና ሽቦ በሚጠቀለልበት ጥቁር ቴፕ ጥምጥም አድርጎ ያስረዋል። እንዲያ ሆኖ ወደ ቤት ሲመጣ ልጃችን ታየውና «ባባ፣ አንተ መኪና ነህ እንዴ?» ትለዋለች። «መኪና ብሆን ኖሮ እናትሽ እስካሁን ዘይቴን ትቀይር ነበር» ይላል።

ልጄ ትምህርት ቤት ሲከፈት አዲስ ጥቁር ጫማ ገዛንላት። ጫማው ጠንካራ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ የቀኝ ተረከዟን ልጦት መጣ። መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ ነበር፤ ከዚያ ፈነዳና ቆዳው ተገፎ ቀይ ሥጋ ወጣ። አልጋ ላይ አስቀምጬ እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ በሳሙናና በውሃ አጠብኩት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግኩ አደረቅኩት። ተረከዝ አስቸጋሪ ቦታ ነው። ሰው በተራመደ ቁጥር ቆዳው ይሳባል፣ ፕላስተሩም ይገሸለጣል። እኔ ግን መላ አለኝ። ካልሲው እንዳይዘው የፕላስተሩን አራት ማዕዘኖች በመቀስ ክብ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ሁለቱን ጫፎች ደግሞ መሀል ለመሀል ሰንጥቄ አንዱን ክንፍ ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች እለጥፋለሁ። እንዲህ ሲሆን ተረከዙን እንደ እጅ ይጨብጠዋል።

ልጄ እግሯን አዙራ አየችውና፣ «ማማ፣ ፓኬቱ ላይ የቆዳ ቀለም ይላል» አለችኝ በዐረብኛ ካነበበችው በኋላ። «የማን ቆዳ ነው?»

«የዶሮ ይሆናል፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አልኳት። ሳቀች። ያን ቀን ያሳሰበኝ ነገር አልነበረም።

ቁስሉ ግን አልደርቅ አለ። በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት ያደረውን ፕላስተር ራሷ ገሽልጣ ትጠብቀኛለች፣ እኔ አዲስ እለጥፍላታለሁ፤ በየጠዋቱ ሥጋው እንደ ትናንቱ ቀይና እርጥብ ነው። ዙሪያው ያለው ቆዳም ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣት መስሎ ነጥቶ ተጨማዷል። ስኒከር አደረግኩላት፤ ተረከዙ ክፍት የሆነ ጫማ አደረግኩላት። ለውጥ የለም። «ያምሻል?» እላታለሁ። «አያምም» ትለኛለች፤ ፊቷ ግን እንደሚያማት ይናገራል።

ያኔ አንድ ሐሳብ ገባብኝ። አክስቴ ስኳር ነበረባት። እንዳለባት ማንም አያውቅም ነበር፤ እሷም አታውቅም። የጀመረው ከእግሯ ነው፤ ጫማ ልጧት። ትንሽ ነገር ነበረች፣ ሰው ሁሉ ናቃት። አልድን አለ፣ ሰፋ፣ ጠቆረ። በኋላ ደሴ ሆስፒታል እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆረጧት። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ውሃ የማቀርብላት እኔ ነበርኩ። ጫማ የላጠው ተረከዝ አልድን ሲል ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

ከዚያ ወዲህ ልጄን መከታተል ጀመርኩ። ስኳር ያለበት ሰው ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል ይባላል። ልጄ ውሃ ትጠጣለች፤ የሪያድ ሙቀት ነውና ሁላችንም እንጠጣለን። ሽንት ቤት ግን እውነትም ትመላለስ ነበር። ገብታ በሩን ትቆልፋለች፤ ትቆያለች። በሩ ላይ ቆሜ ውሃ ሲፈስ እሰማለሁ። «ደህና ነሽ ሆዴ?» ስላት፣ «ኸላስ ማማ፣ ጨረስኩ፣ መጣሁ» ትላለች።

ለባሌ ስነግረው፣ «አብሽሪ፣ የልጅ ቁስል ነው። እኔ ስንቴ ቆስዬ በሦስተኛው ቀን እረሳዋለሁ» አለኝ።

«አንተ ቆዳህ ጎማ ነው። የእሷ የልጅ ቆዳ ነው። አክስቴም እንዲሁ ነው ያሉላት።»



በዚያው ሰሞን አንድ ደስ ያለኝ ነገርም ነበር። ከቆርቆሮው ውስጥ ፕላስተሩ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። እኔ በቀን አንድ ነው የማወጣው። ታዲያ ማን ይወስደዋል? በመጨረሻ ባሌ ሰው ሆነ፣ ያንን ጥቁር ቴፕ ትቶ እየሰረቀ ወደ ሱለይ ይወስድ ጀመር ብዬ ደስ አለኝ። እንዳያፍር ብዬ ዝም አልኩት። እንዲያውም ሌላ ፓኬት ገዝቼ ጨመርኩ። አንድ ቀን ምግብ ሳቀርብለት አላስችል ብሎኝ፣ «ይበል፣ ዘንድሮስ ሰው ሆንክ» አልኩት። ቁራሹን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ «ድሮ ምን ነበርኩ?» አለኝ። አውራ ጣቱን አየሁት። በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሏል። ግራ ገባኝ፤ ግን ሐሳቤ ሁሉ በልጄ ተረከዝ ላይ ስለነበር ስለ ፕላስተሩ አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሰላት እንዳለቀ፣ ልጄን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ዐረብኛዬ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ለመስማት ይበቃኛል፣ ለመናገር ግን ስለ በሽታ ሲሆን ይጎድለኛል። ሁልጊዜ የምታስተረጉምልኝ ልጄ ናት። ያን ቀን ግን «ስኳር» የሚለውን ቃል በእሷ አፍ ማስባል አልፈለግኩም። ስለዚህ ዝም ብዬ እግሯን አሳየሁ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበረችው ወጣት ሳዑዲ ናት፤ ፊቷ የተሸፈነ፣ ዓይኗ ብቻ የሚታይ። ከባንኮኒው ኋላ ሆና ታየዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጓንት አጥልቃ ዞራ መጣች፤ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የልጄን እግር አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ልጄ በአቧራ መጥታለች፤ የወጣቷ ልብስ ጥቁር ነው። ቅር አላላትም። ያየሁት ሁሉ ቢረሳኝ ያቺን አቀማመጥ አልረሳትም።

ፕላስተሩን በዝግታ አነሣችው። ቁስሉን አየች፣ የነጣውን ቆዳ አየች፣ ከዚያ የተነሣውን ፕላስተር ገልብጣ አየችው።

«ይህን መቼ ነው የለጠፍሽላት፣ ያ ኻላ?» አለችኝ። ኻላ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ ለምትበልጥ ሴት የሚሉት ነው።

«ዛሬ ጠዋት። ትምህርት ቤት ሳትሄድ።»

«ይሄ የጠዋት አይደለም። ሙጫው ገና አዲስ ነው። ጫፉም ገና አልተነሣም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነቷን ነው። እኔ የለጠፍኩት ማዕዘኑ ክብ ነበር፣ ጫፎቹም የተሰነጠቁ ናቸው። ይሄ ከፓኬት እንደወጣ ነው። መድኃኒት ሰጪዋ ዞር ብላ ልጄን አየቻት።

«ሐቢብቲ፣ አንቺ ነሽ የቀየርሽው?»

ልጄ መሬት መሬቱን አየች። «አዎ» አለች። «ለዐስር ሰላት።»

«ለዙሁርስ?»

«እሱንም ቀይሬያለሁ።»

«ለሁሉም?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ እንባዋ መጣ። እኔን ስታይ በአማርኛ ነው የተናገረችው። «ማማ፣ ትምህርት ቤት ሙዐሊማችን ነግራናለች። ሰዎች ለሰላት ሲታጠቡ፣ ቸኩለው ውዱእ ሲያደርጉ፣ ተረከዛቸው ደረቅ ሆኖ ቀረ። ተረከዛቸውን የጀሀነም እሳት እንደሚነካው ተነገራቸው። የኔ ቁስል ተረከዜ ላይ ነው። ፕላስተሩ ካለ ውሃ አይነካውም።»

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሽንት ቤት የምትመላለሰው፣ በሩን የምትቆልፈው፣ ውሃው የሚፈሰው፣ ፕላስተሩ የሚያልቀው። በየሰላቱ ፕላስተሩን ትገሽልጣለች፤ ቁስሉን በውሃ ታጥባለች፤ ሳታደርቀው ሌላ ትለጥፍበታለች። ሰላት አዘውትራ መስገድ የጀመረችው በዚያው ዓመት ነበር። ትከሻዋ ላይ ያለውን የትምህርት ቤት ቦርሳ ከፍቼ ሳይ ከእርሳሷ ጎን ፕላስተሮቹ በሶፍት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አትንኪው ትዪኛለሽ። ከዚያ ወይ አንቺን አልታዘዝም፣ ወይ ሰላቴ ይበላሻል። ካልነገርኩሽ ግን ሁለቱም አይሆንም።»

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እኔ ይህን ያህል ጠንቃቃ ነኝ ስል ከኔ የባሰች ጠንቃቃ ከጎኔ አድጋለች። ያ ቀይ ሥጋ በውሃ ሲነካ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ አንድም ቀን «ወይ» ስትል አልሰማሁም። አሥር ዓመቷ ነው። ተቀምጬ ላቅፋት ነበር፤ መድኃኒት ሰጪዋ ግን ቀድማ እጇን ያዘቻት።

«ስሚኝ» አለቻት። «ቁስል የታሰረበት ሰው አይፈታውም። ሌላውን ሁሉ ያጥባል፤ የታሰረው ላይ እርጥብ እጁን አንድ ጊዜ ያብስበታል። ይበቃል። ተረከዛቸው ደረቅ የቀረው ቸኩለው ነው። አንቺ መች ቸኮልሽ?»

ልጄ እንባዋን ጠረገችና፣ «እንዲህ ያለው ማን ነው?» አለቻት።

እኔ አፈርኩ። የመድኃኒት ሰጪዋ ዓይኖች ግን ሳቁ። «አባትሽን ጠይቂ። ሙዐሊማሽንም ጠይቂ። እኔ አይከፋኝም።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ማማ፣ እውነት ነው?»

ስለ ተሰበረ እግር እንዲህ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ስለ ፕላስተር ግን አስቤ አላውቅም። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት ነኝ፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ በልጄ ሰላት ላይ አልፈርድም። «ባባ መጥቶ እንጠይቀዋለን» አልኳት።

ከዚያ ልጄን አይስክሬሙ ፍሪጅ ጋ ልኬ ወደ መድኃኒት ሰጪዋ ጠጋ አልኩ። «ሱከር» አልኳት በቀስታ። «በቤተሰባችን አለ። አክስቴ ከተረከዟ ነው የጀመራት።»

አልሳቀችብኝም። «በቀን አምስት ጊዜ የሚገሸለጥ ቁስል የኔም እግር ላይ ቢሆን አይድንም» አለችኝ። «መጀመሪያ ይህን እናስተካክል። ይህ ፕላስተር ራሱ እስኪወድቅ አይነካም። ሲወድቅ ቁስሉ ካልተዘጋ፣ ወደኔ አትመለሺ፤ በቀጥታ መስተውሰፍ ወስደሽ ደሟን አስመርምሪ።» መስተውሰፍ ክሊኒክ ማለት ነው። በልቤ ቀጠሮ ያዝኩ።

የሰጠችን ፕላስተር ሌላ ዓይነት ነበር። ወፍራም፣ እንደ ጄሊ የሚለመጥ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ። ከመለጠፏ በፊት በሁለት መዳፎቿ መሀል ይዛ አሞቀችው። ቁስሉን አጥባ ዙሪያውን ፍጹም እስኪደርቅ ጠበቀች። አንዲት ሽብሽብ ሳይኖረው ለጠፈችውና መዳፏን ላዩ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ቆየች። ሌላ ደንበኛ ገብቶ ቆሟል። አላስቸኮላትም።

ቤት ስንደርስ ባሌ ከሱለይ ቀድሞን ገብቶ ለመግሪብ ሰላት ውዱእ እያደረገ ነበር። ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። እጁን ሲያጥብ አየነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠበ፤ ጥቁር ቴፑ ጋ ሲደርስ እርጥብ መዳፉን በላዩ ላይ አሳልፎ ወደ ክንዱ ቀጠለ።

«ባባ! ቴፑ ላይ ለምን አታጥብም?»

«ቁስል አለበት። ታስሯል። ይታበሳል» አላት። ከዚያ እኛን አየን፤ እናትና ልጅ በሩ ላይ ተደርድረን። «ምን ሆናችኋል? ሰው ታጥቦ አያውቅም?»

«ማን ነገረህ?» አለችው።

«አባቴ። እሳቸው ሲያርሱ እግራቸውን ማረሻ መታቸው፤ ታስሮ ነበር፤ እንዲሁ ሲያብሱ እያየሁ ነው ያደግኩት።»

እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ቴፕ የታሰረበትን እጁን ሳይ ለሰላት በደንብ የታጠበ ሳይመስለኝ፣ ሰነፍ ነው ብዬ በልቤ ስጨነቅለት ኖሬያለሁ። ይህን ስነግረው፣ «አንቺ የሰውን ሰላት ደግሞ ትጨነቂለት ጀመር?» ብሎ ፎጣውን ወረወረልኝ። በማግስቱ ልጄ ሙዐሊማዋንም ጠየቀቻት። የሦስቱም መልስ አንድ ሆነ፤ ልቧ ተረጋጋ።

የኔ ልብ ግን አልተረጋጋም። ፕላስተሩ ሥር ያለው ነገር በሁለተኛው ቀን ነጭ ሆኖ አበጠ። መግል መሰለኝ። ላነሣው እጄን ስዘረጋ ልጄ እግሯን ሰበሰበች።

«ማማ! አትንኪው! መድኃኒት ቤት ያለችው ነጭ ይሆናል ብላሻለች እኮ። ከቁስሉ የሚወጣውን ውሃ እየጠጣ ነው።»

«ጫፉን ብቻ ልየው።»

«ላ! ራሱ እስኪወድቅ።»

ባሌ ከወዲያ፣ «ሙስተሽፋው ተዘግቷል» አለ።

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። ልጄ ከኔ ትጠብቀው ጀመር። ተኝታ እንኳ እግሯን ከብርድ ልብሱ በታች ትደብቃለች። ውዱእ ስታደርግ በሩን አትቆልፍም፤ ክፍት ትተወዋለች፤ እኔም እንዳይ። ሌላውን እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ታጥባለች፤ የታመመውንም በፕላስተሩ ዙሪያ በጥንቃቄ ታጥብና ላዩን በእርጥብ መዳፏ ታብሰዋለች። እንደ አባቷ። እኔ ግን በየጠዋቱ ነጭ እብጠቱን እያየሁ አክስቴን አስባለሁ። ለመስተውሰፍ የምትለብሰውን ልብስ ሳይቀር አጥቤ አስቀምጬ ነበር።

አርብ ዕለት ከጁምዓ በኋላ ልጄ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ቴሌቪዥን ታያለች። «ማማ» አለችኝ፤ «ወደቀ።»

ከወጥ ቤት እንዴት እንደመጣሁ አላውቅም። ፕላስተሩ ካልሲዋ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቁጭ አልኩና እግሯን ጭኔ ላይ አነሣሁት። ወዲያው ማየት ፈራሁ። ከዚያ አየሁት።

ተዘግቷል። አዲስ ቆዳ፣ ቀጭን፣ ሮዝ፣ የሚያብለጨልጭ። ዳር እስከ ዳር። በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት፤ ደረቅ ነው። እርጥበት የለም፣ ጥቁረት የለም። ወደ መስኮቱ አዙሬ በብርሃን አየሁት።

«ያምሻል?»

«ይኮረኩረኛል!» ብላ ተንፈራገጠች።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ባሌ ከፍራሹ ቀና ብሎ አየኝ፤ መቀለድ ፈልጎ ፊቴን ሲያይ ተወው።

«ማማ፣ ኸላስ፣ እግሬን መልሺልኝ» አለች ልጄ።

«ቆይ» አልኳት። «ትንሽ ልያዘው።»